ከሻጩ ደጅ እስከ ደጃችን

የትምህርቱ ዘመን ሊያልቅ ሲቃረብ በማኅበራችን ክፍል ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ይለወጣል። ደብተር ጠፋብኝ፣ ክፍል የሚጋራኝ እፈልጋለሁ የሚለው ሁሉ ይቀርና መኪና የሚፈልግና መኪና የሚያሻሽጥ ይበዛል። ባለፈው ሳምንት ቆሜ ብቆጥር አምስት አገኘሁ። ከአምስቱ በአራቱ ላይ የተጻፈው መኪና ያለው እኛ በምንኖርበት በሜሪላንድ ሳይሆን በቨርጂኒያ ወይም በፔንሲልቬኒያ ነው።

ነገሩ የሚያስገርም አይደለም። መኪና ለብዙዎቻችን የቅንጦት ዕቃ አልሆነም። ቀን ሲማር ውሎ ማታ ሥራ የሚገባ፣ ከሌሊቱ በሰባት ሰዓት የሚወጣ ተማሪ አውቶቡስ ከቆመ በኋላ ምን ያድርግ? ከመኪና ነጋዴ ቢገዛ ወለዱ፣ የወረቀት ሥራ የሚሉት ክፍያ፣ ምኑም ምኑም ተጨማምሮ አቅሙን ያልፋል። ስለዚህ ከግለሰብ እጅ የሚወጣ አሮጌ መኪና ይፈልጋል፤ ርካሹም ምን ጊዜም ወንዝ ማዶ ነው።

ስለ መኪናው እንደሆነ ሁላችንም ዐዋቂዎች ነን። ሞተሩን አስነሥተን ጆሮ እንሰጣለን፤ ዘይቱን እናያለን፤ ጎማውን በእግራችን መታ መታ እናደርጋለን፤ ለምን እንደምንመታው ግን እስካሁን የነገረኝ ሰው የለም። ከሻጩ ደጅ እስከ ደጃችን ስላለው መንገድ የሚያስብ ግን አላገኘሁም። ዋጋው ከተቆረጠና ቁልፉ ከተሰጠ ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስለናል። እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። እንግዲህ ይህን የምጽፈው እንደ ዐዋቂ ሳይሆን እንደ ጥፋተኛ መሆኑን አንባቢ ከወዲሁ ይወቅልኝ።

መኪናውን የሸጡልኝ በሪችመንድ የሚኖሩ የአገራችን ሰው፣ በዕድሜ አባቴን የሚያህሉ ጋሼ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ እንዲጻፍም አይወዱም። መኪናው የ2009 ሞዴል ኮሮላ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ሄድኩ፤ ባለቤታቸው ምሳ አቀረቡልን፤ ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ ስለ አገር ተጨዋወትን። ገንዘቡን ቆጠርኩላቸው። ታይትል የሚሉትን የባለቤትነት ወረቀት አመጡና በጀርባው ላይ በሻጭ ቦታ ፈረሙ። «የገዢውን ስም ማን ልበል?» ብለው ሲጠይቁኝ «ለጊዜው ባዶውን ይቆይ፤ በአክስቴ ልጅ ስም ባዞረው ኢንሹራንሱ ይቀልልኛል መሰለኝ» አልኳቸው። ተዉት። ከዚያም መፍቻ ይዘው ወጥተው ታርጋውን ሊፈቱ ጎንበስ ካሉ በኋላ ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ በምን ልትሄድ ነው? በባዶው አትነዳ! ይዘኸው ሂድና ስትደርስ በፖስታ ላክልኝ።»

እኔም «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብዬ ተነሣሁ። ደግነታቸው ልቤን ስለነካኝ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ስደርስ መሸ። ከኋላዬ ሰማያዊ መብራት በራ። ጥፋቴ ትንሽ ነበር፤ አንደኛው የፍሬን መብራት አይሠራም። ፖሊሱ በትሕትና መንጃ ፈቃድ፣ የምዝገባ ወረቀትና ኢንሹራንስ ጠየቀኝ። የሰጠሁት የምዝገባ ወረቀት የጋሼ ነው። ኢንሹራንሱ የማን እንደሆነ ሲጠይቀኝ የእርሳቸው ነው አልኩ፤ ጋሼ ግን እኔ ከደጃቸው እንደወጣሁ ስልክ ደውለው አቋርጠውት ኖሯል። መኪናው ከተሸጠ ወዲያ ምን ያድርጉበት? ታዲያ ከማን ገዛኸው ሲለኝ ታይትሉን አወጣሁ። ወረቀቱ የሻጭ ፊርማ አለው፤ የገዢ ስም የለውም። ያ ወረቀት በእጄ ይሁን እንጂ መኪናው የእኔ ነው አይልም። የማንም ነው አይልም።

ጎታች መኪና መጣ። ኮሮላዋ ስትጫን እያየሁ በመንገዱ ዳር ቆምኩ። ለመጎተቻና ለማሳደሪያ የከፈልኩትን አልዘረዝርም፤ የሁለት ሳምንት ደመወዜ ነበር። ከዚያ የባሰው ሌላ ነው። ጋሼ ስደውልላቸው ከሌሊቱ በአራት ሰዓት ተነሥተው ከባለቤታቸው ጋር በሌላው መኪናቸው ስልሳ ማይል ያህል ነድተው መጡ። ፖሊሱ ታርጋውን ለምን እንደሰጡኝ ጠየቃቸው። እኒያ በዚህ አገር ሠላሳ ዓመት ሲኖሩ አንድ ቀን ክስ የማያውቁ ሰው እጃቸውን አጣምረው «ልጅ ነው ብዬ ነው» አሉ። ልጅ ነው ብሎ ማለት በእንግሊዝኛ ምንም ማለት እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

እኛ ከአገራችን ይዘነው የመጣነው የመኪና ልማድ አለ። በአዲስ አበባ ታርጋ ከመኪናው ጋር የሚኖር ነገር ነው፤ ባለቤቱ ቢለወጥም እርሱ እንደተሰቀለ ይቀጥላል። ሊብሬው በሌላ ሰው ስም ሆኖ በውክልና ለዓመታት የሚነዳ መኪና ብዙ ነው። ስም ማዞር ቀረጥና ወረፋ ስላለው ገዢው ውክልናውን ይዞ ይነዳል፤ ሲሰለቸው ውክልናውን አስተላልፎ ለሦስተኛው ይሸጣል። ይህን ለማውገዝ አልጻፍኩም። ዳሩ ግን ባዶ ታይትል ይዞ በሰው ታርጋ መንዳት የዚያ የውክልና ልማድ ወንድም ነው። ሳናውቀው በሻንጣችን ውስጥ አምጥተነዋል።

በዚህ አገር መኪናን በመንገድ ላይ የሚያቆሙት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ሦስቱም የተለያየ ባሕርይ አላቸው። ታይትሉ የመኪናው ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ኢንሹራንሱ የሰውየው ውል ነው፤ መኪናው ሲሸጥ ለገዢው አይተርፍም። ታርጋው ደግሞ እንደየስቴቱ ነው። በካሊፎርኒያ ተራው ታርጋ እንደ አገራችን ከመኪናው ጋር ይቀራል። በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በፔንሲልቬኒያ ግን ታርጋ የሰው ነው፤ ሻጭ ፈትቶ ያስቀረዋል። በሜሪላንድማ ባለ መኪናው ታርጋውን ሳይመልስ ኢንሹራንሱን ቢያቋርጥ ቅጣት ይከተለዋል። እንግዲህ በእኛ አካባቢ መኪና ሲሸጥ በዚያችው ደቂቃ ከሦስቱ ሁለቱ ይወልቁበታል። ቁልፍ ተቀብለን ስንነሣ የምንነዳው ራቁቱን የቀረ መኪና ነው።

አንዳንዱ ጓደኛዬ «ይህ ሁሉ ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው» ይላል። እኔም ያን ሰሞን እንደዚያ ብዬ ነበር። ነገር ግን ታርጋ በሰው ስም የሆነበትን ምክንያት ከጋሼ ወገን ሆነን ብናየው ይገባናል። የማውቀው አንድ ሌላ ተማሪ በሻጩ ታርጋ እየነዳ ፍጥነት በሚከፈልበት መስመር ሲመላለስ ሰነበተ። በዚያ መስመር ገንዘብ ተቀባይ የለም፤ ካሜራው ታርጋውን ያነሣና ሒሳቡን በታርጋው ስም ይልካል። ሒሳቡ ሁሉ እየተጠራቀመ በሻጯ ቤት ገባ። ሴትዮዋ መጀመሪያ ደወሉ፤ ቀጥሎ ጻፉ፤ በመጨረሻ ልጃቸውን ላኩ። የቀይ መብራት ካሜራም እንዲሁ ነው። ሰው ገጭቶ የሄደ መኪና ታርጋው ከታየ ደግሞ ፖሊስ የሚያንኳኳው የማንን በር እንደሆነ መናገር አያሻም። ታርጋውን ያበደረ ሰው ስሙን ነው ያበደረው።

ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ ሌላ ነገር አለበት። ያለ ኢንሹራንስ መንዳት በአንዳንዱ ስቴት እንደ ተራ የመንገድ ቅጣት ሳይሆን በወንጀል ደረጃ የሚታይ ነው። ቪዛ ስናሳድስ የምንሞላው ቅጽ ተይዘህ ወይም ተፈርዶብህ ታውቃለህን ብሎ ይጠይቃል፤ ቅጹ የፍሬን መብራት ነው፣ ደግነት ነው፣ ልጅነት ነው ብሎ ለማብራራት ሰፊ ቦታ አይሰጥም። የአሜሪካን ዜግነት ያለው የክፍል ጓደኛችን በዚህ ጉዳይ የሚያጣው ገንዘብ ነው። እኛ የምናጣው ትምህርቱን ሊሆን ይችላል። ይህን ሰውን ለማስፈራራት አልጻፍኩትም፤ በዚያች ሌሊት በመንገድ ዳር ቆሜ ያሰብኩት ስለ መኪናው ሳይሆን ስለዚህ ስለነበረ ነው።

የድንበሩም ነገር አለ። በአንድ ስቴት ውስጥ ቢሆን ስሕተት በአንድ ጽሕፈት ቤት ይታረማል። ወንዙን ሲሻገሩ ግን የሚጠብቀው ሌላ ጽሕፈት ቤት፣ ሌላ ቅጽ፣ ሌላ ስም ነው፤ በቨርጂኒያ ዲኤምቪ ይሉታል፣ በሜሪላንድ ኤምቪኤ። ከዚህም በላይ የተሰረቀ መኪናን ከስቴት ወደ ስቴት ማሻገር ከ1919 ጀምሮ የፌዴራል ወንጀል ነው። የጋሼን መኪና ማንም ሰረቀ አላለኝም። ነገር ግን ስም የሌለው ታይትል፣ የሌላ ሰው ታርጋና የተቋረጠ ኢንሹራንስ ይዞ በሌሊት ወደ ድንበር የሚገሰግስ ወጣት፣ ለሚያየው ሰው ምን ሊመስል እንደሚችል እናንተው ፍረዱ።

መፍትሔው ከባድ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ለመናገር ባልደፈርኩ። የሚያበሳጨኝ ቀላል መሆኑ ነው። በማግሥቱ እሑድ ስለሆነ ሰኞን ጠብቄ ከጋሼ ጋር ወደ ተሽከርካሪው ጽሕፈት ቤት ሄድን። እዚያው በር ላይ ቆሜ ለአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ደወልኩና የመኪናውን ቁጥር ሰጥቼ ኢንሹራንስ ገባሁ፤ የፈጀው ሃያ ደቂቃ ነው። በታይትሉ ላይ ስሜን፣ አድራሻዬን፣ ቀኑንና ዋጋውን ጻፍን። ከዚያ ቨርጂኒያ ለእንዲህ ያለው ጉዞ የምትሰጠውን፣ ለሦስት ቀን የሚያገለግለውን የጉዞ ፈቃድ ወሰድኩ። ያስከፈለኝ በማኅበራችን ክፍል አጠገብ አንድ ምሳ ከሚያስከፍለው ያነሰ ነው። ፈቃዱን ቀደም ብሎ ገዝቶ መያዝ እንደሚቻልም ያን ዕለት ሰማሁ። እንግዲህ ያ ሁሉ መከራ የአንድ ምሳ ዋጋ ነበር።

በፔንሲልቬኒያ ነገሩ በጥቂቱ ይለያል። እዚያ ሻጩ በታይትሉ ላይ የሚፈርመው በኖታሪ ማለት በአዋዋይ ወይም በተፈቀደለት ሰው ፊት ነው፤ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የተፈረመ ፊርማ ብቻውን አያዘልቅም። መኪናውን ከስቴቱ ለማውጣት የሚያገለግል ጊዜያዊ ታርጋ በዚያው በወኪሎች ዘንድ ይገኛል። ሁለቱንም በአንድ ቦታ የሚሠሩ አሉ፤ ግን ሰዓታቸውን አስቀድሞ በስልክ መጠየቅ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄዶ የተዘጋ በር ፊት ለፊት ቆሞ «እንግዲህ ምን ይደረግ» ማለት የስንፍናችን ምልክት ነው።

ኢንሹራንሱን በተመለከተ አንድ የተሳሳተ ወሬ በመካከላችን ይዞራል። «አዲስ መኪና ስትገዛ ለጥቂት ቀን ኢንሹራንስህ ይሸፍንሃል» ይባላል። ይህ እውነት የሚሆነው አስቀድሞ የራሱ ኢንሹራንስ ላለው ሰው ነው፤ እርሱም እንደ ውሉ ነው። የመጀመሪያውን መኪና የሚገዛ ተማሪ ግን ምን ኢንሹራንስ አለውና ይሸፍነዋል? በቨርጂኒያ ድሮ አምስት መቶ ዶላር ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይቻል ነበር፤ ያም ከ2024 ሐምሌ ወር ጀምሮ ቀርቷል። ይህን የማነሣው አሁንም በዚያ በአሮጌው ወሬ የሚመክሩ ታላላቆቻችን ስላሉ ነው። ምክራቸው ያን ጊዜ ትክክል ነበር።

ስለ ሐሰተኛ የወረቀት ታርጋ ብዙ አልልም፤ ምክንያቱም አንባቢዬ ያን ያህል የወረደ አይመስለኝም። በስልክ ላይ በጥቂት ዶላር የሚሸጥ ጊዜያዊ ታርጋ ያሳየኝ ልጅ ነበር፤ አትሞ ለጥፎ ሊሄድ። በዚህ ንግድ የተነሣ የቴክሳስ ስቴት ከሐምሌ 2025 ጀምሮ የወረቀት ታርጋ የሚባለውን ጨርሶ አስቀርቶ በብረት ለውጦታል። የወረቀት ታርጋ ለጥፎ በሌሊት መውጣት ዛሬ ፖሊስን ና እዚህ ነኝ ብሎ እንደመጥራት ነው።

ከዚህ በፊት ያልተነገረን ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም ስቴት የተሻገረ መኪና ታሪኩን ጥሎ ሊሻገር መቻሉ ነው። በጎርፍ ተውጦ ወይም ክፉኛ ተጋጭቶ ኢንሹራንስ ከንቱ ነው ያለው መኪና በታይትሉ ላይ ምልክት ይደረግበታል። ከዚያ በኋላ ሕጉ ላላ ወዳለበት ስቴት ወስደው አዲስ ታይትል ሲያወጡለት ምልክቱ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ከ2005ቱ ካትሪና፣ ከ2012ቱ ሳንዲና ከ2017ቱ ሃርቪ ማዕበል በኋላ ብዙ የጎርፍ መኪና በየስቴቱ እንደተበተነ የታወቀ ነው። ይህን ለመከላከል በ1992 በወጣ ሕግ መሠረት የየስቴቱን የታይትል መዝገብ የሚያገናኝ አገር አቀፍ መዝገብ ተቋቁሟል፤ በጥቂት ዶላር ይታያል። የኢንሹራንስ ድርጅቶች ያቋቋሙት የወንጀል መከላከያ ቢሮም የተሰረቀ ወይም ከንቱ የተባለ መኪናን በነፃ ይመረምራል። ለዚህ የሚያስፈልገው አሥራ ሰባት ፊደልና አኃዝ ያለበት የመኪናው ቁጥር ብቻ ነው። ከ1981 ወዲህ የተሠራ መኪና ሁሉ ይህ አለው፤ በፊት መስታወቱ ሥር በሾፌሩ በኩል ይነበባል። በመስታወቱ ሥር ያለው፣ በበሩ ቋሚ ላይ ያለውና በታይትሉ ላይ ያለው አንድ ካልሆኑ ቡናውን አመስግኖ መመለስ ነው። የማይሉን ነገር ደግሞ የ2011 ሞዴልና ከዚያ ወዲህ ያለ መኪና እስከ ሃያ ዓመቱ ድረስ ሻጩ በጽሑፍ ሊያረጋግጥ በፌዴራል ሕግ ግዴታ አለበት፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ነፃ ናቸው። የእኔዋ ኮሮላ ከነፃዎቹ ናትና ስንት ማይል እንደሄደች የሚያውቁት ጋሼና እግዚአብሔር ናቸው፤ ጋሼን ስለማምናቸው ግን አልጠየቅሁም።

ደጃችን ደርሰንም አልጨረስንም። ሜሪላንድ ያገለገለ መኪናን በስማችን ከመመዝገቧ በፊት በራሷ ፈቃድ በተሰጠው ጋራዥ እንዲመረመር ታዝዛለች፤ የሻጩ ስቴት የለጠፈው የምርመራ ወረቀት እዚህ ዋጋ የለውም። መርማሪው ጎማውን፣ ፍሬኑን፣ መብራቱን፣ መሪውን ያያል። ምርመራውን ሳያሟላ ለደረሰ ሰው የ30 ቀን ጊዜያዊ ምዝገባ የሚገኝበት መንገድ አለ። ግብሩም የሚከፈለው እዚሁ ነው፤ ለብዙ ዓመት ከመቶ ስድስት የነበረው ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ከመቶ ስድስት ተኩል ሆኗል። በሦስት ሺሕ ዶላር መኪና ላይ ይህ ወደ ሁለት መቶ ዶላር ይጠጋል። «በታይትሉ ላይ አምስት መቶ ዶላር ብለህ ጻፍልኝ» የሚል ምክር እዚህ ላይ ይመጣል። ለሻጩ ውሸት መጻፍ ነው፤ ለገዢውም እንዲሁ። ደግሞም ጽሕፈት ቤቱ የመኪናውን የገበያ ዋጋ በመጽሐፍ ያውቃልና በተለይ ሰባት ዓመት ያልሞላው መኪና ሲሆን በውሸቱ ፊት ለፊት ነው የሚያስቀምጠን።

በዚህ አጋጣሚ በአሠራሩ ላይም ያለኝን ቅሬታ ሳልናገር አላልፍም። ይህ ሥርዓት የተዘረጋው ከመኪና ነጋዴ ለሚገዛ ሰው ነው። ከነጋዴ የገዛ ሰው ቅዳሜ ማታም ቢሆን ጊዜያዊ ታርጋ ተለጥፎለት፣ ወረቀቱን ሌላ ሰው ሠርቶለት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከግለሰብ የሚገዛው ድኻ ግን በሥራ ቀን ፈቃድ ጠይቆ፣ ደመወዝ ተቆርጦበት፣ በሁለት ስቴት ሁለት ወረፋ መያዝ አለበት። ሃምሳ ስቴት ሃምሳ ሕግ ማውጣቱ የዚህ አገር ሕገ መንግሥት የቆመበት ነገር ነውና ይሁን። ግን መኪናን ከአንዱ ስቴት ወደ ሌላው ለሁለት ቀን ማድረሻ የሚሆን፣ በሁሉም ስቴት የሚታወቅ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚገኝ አንድ ፈቃድ ለማውጣት ምን ይከብድ ነበር? ቨርጂኒያ ለራሷ ክልል ያቀለለችውን ሌሎቹ ለምን ያከብዱታል? በዚህ ክፍተት ውስጥ የሚወድቁት ሕግ የናቁ ሰዎች አይደሉም፤ አብዛኞቹ እሑድ ሥራ የሚገቡ ናቸው።

ይህን ማለቴ በሰው ታርጋ ለነዳው ምክንያት ይሆነዋል የሚል ካለ አልተግባባንም። ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ ክፍተቱን የምንሞላው እኛ ነን፤ የምንሞላውም በሽማግሌ ስም መሆን የለበትም። እርስ በርስ መረዳዳት ያስመሰግነናል፤ ግን እስካሁን የተረዳዳነው በታርጋ፣ በአክስት ልጅ ስምና በባዶ ታይትል ነው። ማኅበራችን በሌላ መንገድ ሊረዳ ይችላል። በመጀመሪያ በዚያው በግድግዳው ላይ፣ ከሽያጭ ማስታወቂያዎቹ በላይ፣ የሦስቱን ስቴቶች አሠራር የያዘ አንድ ገጽ ይለጠፍ፤ ሕጉ ስለሚለዋወጥም በየትምህርት ወቅቱ መጀመሪያ አንድ ሰው እየደወለ ያድሰው። ሁለተኛም በማኅበሩ ሣጥን ውስጥ ለዳንስ ምሽት ከምንመድበው ላይ ቀንሰን ለአደጋ ጊዜ ብድር እናስቀምጥ። እኔ ያን ሌሊት ጎታች መኪና ቀድሜ ብከራይና ኮሮላዋን አስጭኜ እስከ ደጄ ባስመጣት ኖሮ ከደረሰብኝ ወጪ ብዙም ባልበለጠ ነበር፤ ለመከራየት ግን በኪሴ ገንዘብ አልነበረም። የዳንሱ ኮሚቴ እንደሚቆጣኝ ዐውቃለሁ።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ሰው ብቻውን አይሂድ። ብቻውን የሄደ ሰው ሻጩ ደግ ሲሆንበት እምቢ ማለት ያቅተዋል። ሁለት ሲሆኑ አንደኛው «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን፣ ግን ታርጋው ይቅርብዎ» ለማለት ፊት ያገኛል። እምቢታው እንደ ድፍረት እንዳይቆጠር ምክንያቱን ለሽማግሌው ማስረዳትም ያስፈልጋል፤ ብዙዎቹ እነርሱም አያውቁትም። ጋሼ ራሳቸው በኋላ እንደነገሩኝ ከእኔ በፊት ሁለት መኪና የሸጡት በዚያው ዓይነት ነው። ታርጋው በፖስታ የተመለሰላቸው ከአንዱ ብቻ ነበር።

ታርጋቸውን የመለስኩት በፖስታ ሳይሆን በእጄ ይዤ ሄጄ ነው። ባለቤታቸው እንደገና ምሳ አቀረቡ። ስለዚያች ሌሊት ማንም አላነሣም፤ ጋሼ ስለ መኪናዋ ብቻ ጠየቁኝ፤ የፍሬኑን መብራት እንደለወጥኩ ስነግራቸው «አዬ፣ እርሱን እኔ ነበርኩ መለወጥ የነበረብኝ» አሉ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ እደውልላቸዋለሁ።

በዚህ ሳምንት ከመካከላችን አንዱ ወደ ሀሪስበርግ መኪና ሊገዛ ይሄዳል። ቅዳሜ ነበር ያሰበው፤ አዋዋዩ ቅዳሜ እንደማይሠራ በስልክ ሲነግሩት ወደ ዓርብ አዞረው። የዓርብ ትምህርቴን ትቼ አብሬው እሄዳለሁ፤ የመኪናውን ቁጥር ከሻጩ ጠይቀን ተቀብለናል፤ ኢንሹራንሱንም ሐሙስ ማታ ይደውላል። ማስታወሻ የሚይዝልኝ ሰው ካለ ስሙን በማኅበሩ ክፍል ይተውልኝ።